ያዘመመው ማእዘን

ዲንቄ አንድ ቤት ስታይ ዐይኗ ቀድሞ የሚወርደው ወደ እግሩ ነው። ሌላው ሰው ጣሪያውን ያያል፣ በሩን ያያል፣ ቀለሙን ያያል፤ እሷ ግን ግድግዳው ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን፣ አንድ ክንድ የማይሞላውን ቦታ ታያለች። እርጥብ ከሆነ ትሰጋለች። ደረቅ ከሆነም አታምነውም፤ ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ትፍቀዋለች።

የተወለደችው አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። እናቷ ወርቅነሽ የባቡር ሠራተኞችን ቤት በጭቃ እየለሰነች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ነበረች። ዲንቄም ጭቃ ስትረግጥ ነው ያደገችው፤ ኮረዳ ስትሆን ግን ሙያው አሳፈራትና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባች። ሃያ ዓመት ክር ስታጠነጥን ቆይታ፣ ሠራተኛ ሲቀነስ እሷም ከተቀነሱት አንዷ ሆነች። ያን ጊዜ እናቷ አልፋ ነበር፤ ሙያዋ ግን በዲንቄ እጅ ላይ ቀርቷል። ዛሬ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። በአቃቂና በሳሪስ አሮጌ የጭቃ ቤት ሳያፈርስ የሚያድስ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው የሷ ስም ነው። ጎበዝ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሰው ስለጠፋም ጭምር።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ግን አንድ ነገር ሆነ። ሳሪስ አቦ፣ አቻምየለሽ የምትባል ሴት ቤቷን እንድታድስላት ጠራቻት። "ጭቃ ጭቃ አትበይኝ፤ በሲሚንቶ ለስኚልኝ፣ ዘመናዊ ይምሰልልኝ" አለቻት። ዲንቄ ታውቅ ነበር። የጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ በሲሚንቶ ሲታፈን ውሃው መውጫ ያጣና ውስጥ ለውስጥ ያበሰብሰዋል። ታውቅ ነበር፣ ግን አፏን ሞልታ አልተናገረችም። ሥራው እንዳያመልጣት ፈርታ ለሰነችላት። በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው እንዳለ ወደ ውስጥ ተናደ። አቻምየለሽ አልጋዋ ላይ ነበረች፤ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ። እስከ ዛሬ ታነክሳለች። ገበያ ላይ ሲገናኙ "ዲንቄዬ፣ ደኅና ነሽ?" ትላታለች እንጂ አንድ ቀን ወቅሳት አታውቅም። ብትወቅሳት በተሻላት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዲንቄ ትንንሽ ሥራ ብቻ ትይዝ ጀመር፤ የተሰነጠቀ ማድቤት፣ የተላጠ አጥር። ቤት የሚያህል ነገር ሲመጣ "ወገቤን ያመኛል" ትላለች።

ባለፈው ሚያዝያ ግን ሥርጉት መጣች። ሥርጉት አርባ አምስት ዓመት የሞላት የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ አባቷ አቶ ሰይፈሥላሴ በምድር ባቡር በቴሌግራፍ ሠራተኛነት ዘመናቸውን የጨረሱ፣ ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው። በእጇ የያዘችውን የወረዳ ደብዳቤ ለዲንቄ አነበበችላት። ቤታቸው መንገድ ዳር ነው፣ ማእዘኑ ወደ መንገዱ አዘሟል፣ ለአላፊ አግዳሚ አደገኛ ነው፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ተጠግኖ ካልተገኘ ይፈርሳል።

"ከዛሬ ነው የሚቆጠረው፣ እትዬ ዲንቄ። እባክሽ፣ እይልኝ ብቻ።"

"ማየትስ አያለሁ" አለች ዲንቄ፤ "ወገቤን ያመኛል" ማለት አፏ ላይ መጥቶ ዋጠችው።

ቤቱ አራት ክፍል ነው። የአቶ ሰይፈሥላሴ አባት፣ እሳቸውም የባቡር ሰው ነበሩ፣ በድንጋይ መሠረት ላይ በጽድ ቋሚና በጭቃ ያቆሙት ነው። በረንዳው ሳንቃ ነው። የጣሪያውን ጠርዝ ይዞ የሚዞር እንደ ቀሚስ ጥልፍ የተፈለፈለ እንጨት አለው። መስኮቶቹ ረጃጅሞች ናቸው፤ ሁለት ሁለት መዝጊያ አላቸው። በዚያ መንገድ ላይ ከግራም ከቀኝም የቀሩት ብሎኬትና መስታወት ናቸው።

ዲንቄ መሰላል አስመጥታ ቱንቢዋን ከማእዘኑ አናት ላይ ለቀቀችው። ክሩ ተወዛውዞ ሲረጋ ከግድግዳው እግር አራት ጣት ርቆ ቆመ። አራት ጣት ብዙ ነው። ምክንያቱን ለማግኘት አልደከመችም፤ ከጥቂት ዓመት በፊት የተነጠፈው የመንገዱ ድንጋይ ከቤቱ ደፍ በላይ ሆኗል፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃው ተንደርድሮ የሚያርፈው እዚያው ማእዘን እግር ላይ ነው። ምርጊቱን በመሮ ፈልፍላ ስታየው የጽዱን ቋሚ ምስጥ በልቶታል። ጣቷን ብታስገባው እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባላት።

አቶ ሰይፈሥላሴ በረንዳው ላይ ከዘራቸውን ይዘው ቆመው ሲያዩዋት ቆይተዋል።

"ልጄ፣ ይቆማል ወይስ ይወድቃል?"

"ጋሼ፣ እኔ እግዜር አይደለሁ።"

"እግዜርንማ ጠይቄዋለሁ። አሁን አንቺን ነው የምጠይቀው።"

ዲንቄ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደረቷ ላይ ቀረ። እምቢ ልትል ነበር የመጣችው። ግን እሷ እምቢ ብትል ማን እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ሲሚንቶ የያዘ ሰው ነው የሚመጣው።

"ሲሚንቶ አይነካውም" አለች ወደ ሥርጉት ዞራ። "አናጢ ደግሞ እኔ የማምነውን አመጣለሁ።"

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ። የአቃቂ አፈር መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ለግድግዳ አይሆንም። ቀይ አፈር በመኪና አስጭና ግቢው ውስጥ በቆፈረችው ጉድጓድ አስገለበጠች፤ የጤፍ ጭድ በተነችበት፣ ውሃ አጠጣችው፣ ሱሪዋን ወደ ላይ ጠቅልላ ገባችበት። ጭቃ እንደ ሊጥ ነው፤ መብላላት አለበት። ጭዱ እስኪበሰብስና አፈሩ እስኪያጣብቅ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ከዚያ ተመርጎ መድረቅ አለበት። ዲንቄ ቀኖቹን በጣቷ ስትደምር ሁልጊዜ ከሠላሳው ያልፉባታል። ደግማ ትደምራለች። ያው ነው።

አናጢው ሙዓዊያ ነው፤ ወላጆቹ ከወሎ የመጡ፣ ቃሊቲ ላይ ለጭነት መኪና የእንጨት አካል የሚሠራ፣ ነገር የማያበዛ ሰው። ማእዘኑን ዞሮ ዞሮ አየውና "ጣሪያውን በክሪክ እናነሳዋለን" አለ። "የበሰበሰውን እንመዛለን፣ ሌላ እንተክላለን፣ መልሰን እናወርደዋለን።"

"ከመኪና ጎማ ጋር አንድ አደረግከው?"

"መኪና ይከብዳል፣ ዲንቄ። ቤት ግን ያኮርፋል።"

አዲሱን ቋሚ ፍለጋ ሦስት ቀን ሄደ። ባሕር ዛፍ በየቦታው አለ፤ መሬት ውስጥ ግን ዕድሜ የለውም። በመጨረሻ ሙዓዊያ ሳሪስ ከፈረሰ አሮጌ ቤት ክምር ውስጥ አንድ የጽድ ግንድ አገኘ፤ ቢጠርበው ሽታው ገና አልጠፋም። እግሩን በተቃጠለ የሞተር ዘይት ለቅልቆ ጥላ ውስጥ አጋደመው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሥርጉት ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ጥቁር ብሎ ነበር። መሥሪያ ቤቷ ያለ አንድ ሰው የሚያውቀው ተቋራጭ ማእዘኑን አፍርሶ በአራት ቀን በብሎኬት እንደሚያቆመው ነግሯታል።

"አራት ቀን፣ እትዬ ዲንቄ! አንቺ ገና ጭቃ ትረግጫለሽ። ቢያንስ ሲሚንቶ ቀላቅይበት፣ ቶሎ ይድረቅ። ቢያፈርሱት አባቴን የት አደርሰዋለሁ?"

ዲንቄ ከጉድጓዱ ወጣች። እግሯን ሳትታጠብ የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። የአቻምየለሽን ነገር ለማንም ተርካው አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። ሲሚንቶውን፣ ዝምታዋን፣ ሁለት ቦታ የተሰበረውን እግር።

ሥርጉት ሰምታ ስትጨርስ ወደ አባቷ መኝታ መስኮት አየች።

"ይህን አሁን ነው የምትነግሪኝ? አባቴ እዚያ ግድግዳ ሥር እየተኛ?"

መልስ ሳትጠብቅ ገባችና በሩን ዘጋችው።

በማግስቱ ሥርጉት አልታየችም። ዲንቄ መጥታ ጭቃዋን ረገጠች፤ ሥራው ይኑራት አይኑራት አታውቅም። በየደቂቃው ወደ በሩ ታያለች፤ ተቋራጩ ሰዎቹን አስከትሎ የሚገባ ይመስላታል። በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት ሥርጉት ፍራሽ ተሸክማ ወጣች። "እስክትጨርሺ አባዬ ጎረቤታችን ነጅላ ቤት ያድራል" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርጉት ሥራ ከመግባቷ በፊት ፍራሹ የነበረበትን ክፍል ግድግዳ በመዳፏ ዳሰስ አድርጋ ነበር የምትወጣው።

ጣሪያው የሚነሳው በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሆነ። ሙዓዊያ ሁለት ክሪኮቹን ጠርብ እንጨት ላይ አስቀመጠ፤ ከላያቸው ወፍራም ሙራሌ አቁሞ የጣሪያውን ተሸካሚ አስደገፈው። ዲንቄ ውጭ ቆማ ቱንቢውንና ግድግዳውን ትጠብቃለች። ውስጥ ማንም እንዳይገባ በሩ ላይ ገመድ አስረዋል። ሥርጉት ከመንገዱ ማዶ፣ ክንዷን አጣምራ ቆማለች።

"ቢስሚላህ" አለና ሙዓዊያ የመጀመሪያውን ክሪክ ሩብ ዙር አዞረው። ከዚያ ሁለተኛውን። ምንም። እንደገና ሩብ ዙር። ቆርቆሮው ተንቋቋ። ከጣሪያው አቧራ ወረደ።

"ቀጥል" አለች ዲንቄ።

በአራተኛው ዙር ቤቱ ጮኸ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እንጨት ሊሰበር ሲል የሚያሰማው ዓይነት ጩኸት ነው። ከምርጊቱ አንድ ቁራሽ ተላቆ እግሯ ሥር ወደቀ። ዲንቄ ዐይኗ ላይ የመጣው የአቻምየለሽ አልጋ ነው።

"አቁም! አውርደው!" ብላ ጮኸች።

"አሁን ባወርደው የበሰበሰው ላይ ነው የሚቀመጠው" አለ ሙዓዊያ እጁን ከክሪኩ ሳያነሳ። "ሙሉ ለሙሉ ይሰብረዋል።"

ያን ጊዜ ከቤቱ ውስጥ ድምፅ መጣ።

"መስኮቱን! መስኮቱን ክፈቱት!"

አቶ ሰይፈሥላሴ ነበሩ። በነጅላ ግቢ በኩል ዞረው በጓሮ በር ገብተዋል። ሥርጉት "አባዬ!" ብላ መንገዱን ስትሻገር አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፍቶ ለጥቂት ሳታት። ዲንቄ ገመዱን አልፋ ገባች። እንዴት እንደገባች በኋላ አላስታወሰችም። ሽማግሌው ማእዘኑ አጠገብ ካለው ረጅም መስኮት ፊት ቆመው መዝጊያውን በከዘራቸው ይመቱታል። ሥርጉት ሌባ እንዳይገባ ብላ አባቷ ክፍሉን ሲለቁ በምስማር የመታችው መስኮት ነው።

"ይውጡ፣ ጋሼ! በማርያም ይውጡ!"

"ቤቱ አይደለም የሚጮኸው" አሉ እያለከለኩ፤ "መስኮቱ ነው። አርባ ዓመት በየክረምቱ እኔ ነኝ የምላገው። ጣሪያው ይነሳና እሱ ታስሮ ይቀራል! ፍቺው!"

ዲንቄ ወደ ላይ አየች። የመስኮቱ የላይ ጉበን ቀስት ሆኖ ጎብጧል፤ ጩኸቱ የሚወጣው በርግጥም ከዚያ ነው። ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዛ፣ ደርሳ ለነበረችው ለሥርጉት አስረከበቻቸው። ከዚያ መሮዋን ከወገቧ መዘዘችና ምስማሮቹ ሥር ሰካችው። አንዱ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው ዝጎ ስለነበረ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ቀረ። ከላይዋ አቧራ ይዘንባል። መሮውን እንጨቱ ውስጥ አስገብታ በሙሉ ክብደቷ ጫነችው። መዝጊያው ተበርግዶ ግድግዳውን መታው፤ ጩኸቱም ወዲያው ቆመ።

ዲንቄ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ "ቀጥል!" አለች፤ ድምፁ የሷ አይመስልም ነበር።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጣሪያው ሁለት ጣት ተነስቶ፣ የበሰበሰው ቋሚ ወጥቶ፣ የጽዱ ግንድ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሞ ነበር። ማእዘኑ ሙሉ ለሙሉ አልተቃናም፤ ከአንድ ጣት ትንሽ የሚያልፍ ቀረው። ሙዓዊያ ተጨማሪ እናንሳው ሲል ዲንቄ እምቢ አለች፤ የመካከለኛው ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ወገብ የሚደርስ ስንጥቅ ተከፍቶ ነበር። "ስንት ክረምት ሲያዘም የኖረን ነገር በአንድ ቀን ቀጥ በል ብንለው ይሰበራል" አለች። አቶ ሰይፈሥላሴ ነጅላ ቤት ተወስደው ውሃ ሲጠጡ፣ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ትቆጣቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የትኛው መዝጊያ መላግ እንዳለበት ይነግሯታል።

ጭቃው የሚፈልገውን ያህል አልተብላላም ነበር። ዲንቄ በእጇ ጨብጣ ስታሸተው ገና ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይቀረዋል፤ ግን ምርጫ የላትም። አዳዲስ ማገር አሰረች፣ መረገች፣ ከግድግዳው እግር ጥግ ለጥግ ቦይ አስቆፍራ በጠጠር ሞላችው፣ የመንገዱ ውሃ እዚያ ገብቶ ዞሮ እንዲሄድ። በሃያ አራተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። ግንቦት ሳይወጣ እንዲህ ያለ ዝናብ ማንም አልጠበቀም። ሙዓዊያ የመኪና ሸራ ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ከዲንቄና ከሥርጉት ጋር ተጋግዘው ማእዘኑን አለበሱት። ከዚያ በኋላ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ሸራውን መግለጥ፣ ደመና በመጣ ቁጥር መሸፈን የዲንቄ ሥራ ሆነ።

በሠላሳኛው ቀን የወረዳው መሐንዲስ መጣ። ኦልጅራ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ቁም ነገረኛ፣ ጫማው ጭቃ ነክቶት የማይደነግጥ። ማእዘኑን ዞረው። አውራ ጣቱን ምርጊቱ ላይ ጫን አደረገ፤ ጣቱ ገባ።

"አልደረቀም፣ እናቴ።"

ሥርጉት ዲንቄን አየቻት። ዲንቄ ብዙ ማለት ትችል ነበር።

"አዎ፣ አልደረቀም" አለች። "ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። በዚህ ዝናብ ደግሞ ከዚያም በላይ።"

"ታዲያ እርጥብ ግድግዳ ደኅና ነው ብዬ እንዴት ልፈርም?"

"ጭቃው ልብሱ ነው፣ ልጄ። የሚሸከመው ቋሚው ነው። እሱን እይልኝ።"

ቋሚውን ሆን ብላ ከውስጥ በኩል ሳትለስነው ትታው ነበር። ኦልጅራ ተንበርክኮ አየው፣ በቁልፉ አንኳኳው፣ ድንጋዩን አየ፣ ወጥቶ ቦዩን አየ። ብዙ ፎቶ አነሳ። ከዚያ መኪናው መከለያ ላይ ተደግፎ ለረጅም ጊዜ ጻፈ። ዲንቄ የጻፈውን ከፊቱ ለማንበብ ሞከረች፤ ምንም አይነበብም። በመጨረሻ ወረቀቱን ለሥርጉት ሰጣት፤ ማፍረሱ ክረምቱ እስኪወጣ ታግዷል፤ መስከረም ላይ እንደገና ይታያል፤ ማእዘኑ ከዛሬው ከተንቀሳቀሰ ግን ሌላ ቀን አይሰጥም።

ሥርጉት እልል ልትል ቃጣት። ዲንቄ ግን የሰማችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ክረምት።

ሰኔ ገባ፣ ሐምሌ ገባ፤ አቶ ሰይፈሥላሴ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ዝናብ በዘነበ ማግስት ሁሉ ዲንቄ ጃንጥላዋን ይዛ ከቤቷ ወደ አቶ ሰይፈሥላሴ ቤት ትሄዳለች። ማንም አልጠራትም። በመንገዱ የመጣ ፕላስቲክ ጠርሙስና ጨርቅ ቦዩን ይደፍነዋል፤ በእጇ እየጎተተች ታወጣለች፤ ሽማግሌው ጃንጥላውን ይይዙላታል። አንድ ቀን የደረቀው ምርጊት ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አየች። እርሳስ አውጥታ ስንጥቁ ጫፍ ላይ መስመር አሰመረችና "ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ" ብላ ጻፈች። ከሦስት ቀን በኋላ ስንጥቁ መስመሩን አንድ ጣት አልፎ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ሁለተኛ መስመር አሰመረች። ያን ሳምንት ቤቷ ስትገባ ባሏ "ምን ሆነሻል?" ሲላት "ምንም" አለችው፤ በማግስቱ ግን ሄዳ ለሥርጉት ነገረቻት። ዝም ማለትን አንድ ጊዜ ሞክራዋለች።

ሥርጉት ስንጥቁ ፊት ቆማ ሁለቱን መስመሮች አየች። "ከዚህ ካለፈ እኔም አባቴን አወጣለሁ" አለች፤ "እስከዚያው ሁለታችንም እንየው።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ስልክ ትደውልላታለች። "አላለፈም" ትላለች፤ ሰላምታም የላትም። በነሐሴ አንድም ቀን አላለፈም።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ኦልጅራ መጣ። ዲንቄ ቱንቢውን ራሷ ልትለቅ መሰላል ላይ ወጥታ፣ መልሳ ወረደችና ለሙዓዊያ ሰጠችው፤ እሱ ለቀቀው። ክሩ ረጋ። አንድ ጣት፣ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ኦልጅራ የግንቦቱን ፎቶ በስልኩ አውጥቶ አስተያየ።

"አልተንቀሳቀሰም" አለ። "ይቆማል፣ እናቴ። ነገር ግን የጓሮው ግድግዳም ከአንድ ዓመት በኋላ ያው ነው። አይተውታል?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ" አለች ዲንቄ።

ሥርጉት ወረቀቱን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ አንዴ ለአባቷ ጮክ ብላ። አቶ ሰይፈሥላሴ አዳምጠው ሲጨርሱ ኖራው መቼ እንደሚቀባ ጠየቁ። ዲንቄ በሚቀጥለው ሳምንት ማእዘኑን በኖራ ነጭ አደረገችው፤ ሙዓዊያ ከጠርዙ ላይ የጎደሉትን ሁለት ጥልፍ እንጨቶች ፈልፍሎ ሞላ። አዲሶቹ ከአሮጌዎቹ ይለያሉ፤ ቀለም ካልተቀባ አላፊ አግዳሚው ያያቸዋል።

ከዚያ በኋላ ዲንቄ ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ደስ አላት፣ ግን ቀለል ያለ ደስታ አልነበረም፤ ዝናብ የሌለበት ሰማይ ስር እየሄደችም ወደ ላይ ታያለች።

ጥቅምት ውስጥ ኦልጅራ ደወለላት። ከጣቢያው ወዲያ ማዶ አንድ ሌላ አሮጌ ቤት አለ፤ ደብዳቤ ሊጻፍበት ነው፤ ከመጻፉ በፊት ብታየው ይላል።

"ስንት ቀን ልትሰጧቸው ነው?" አለችው።

"ያው ሠላሳ።"

"ጭቃ በሠላሳ ቀን አይደርስም። ስልሳ አድርጉትና እመጣለሁ።"

"ቃል አልገባም፤ እጠይቃለሁ" አለ ኦልጅራ።

ዲንቄ ስልኩን ዘጋች። መልሱን ልትጠብቅ አስባ ነበር። ከዚያ ቱንቢዋን ከግድግዳው ላይ አውርዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ መልሱ ሳይመጣ በባጃጅ ከጣቢያው ማዶ ወዳለው ቤት ሄደች።